መሃል ላይ ያለው ዕቃ የት ገባ?

አዲስ አበባ ውስጥ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። አፓርታማው ሁሉ ቅንጡ ነው። ሆቴሉ ሁሉ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ነው። ትምህርት ቤቱም ኢንተርናሽናል ነው፣ ግቢው ከአንድ ሰው ቪላ የማይሰፋው ጭምር። በሌላው ጫፍ ደግሞ በድምፅ ማጉያ «ሁሉም በመቶ ብር! ሁሉም በመቶ ብር!» ይባላል። «ዕቃችን ደህና ነው፣ ዋጋችንም ደህና ነው» ብሎ ያስተዋወቀ ነጋዴ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው። ሁለት ክረምት የሚያሻግር ጫማ። ሙቅ ውሃና ንጹሕ አንሶላ ያለው፣ መዋኛ ገንዳ ግን የሌለው ሆቴል። ልጁን አንብቦ እንዲረዳ የሚያስተምር፣ በየወሩ የአንድ ነገር መዋጮ የማይጠይቅ ትምህርት ቤት። ከእኔ ጋር ምሳ የሚበሉ ሰዎችም ሁሉ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ግን ስንገዛ ወይ ከላይ ነን ወይ ከታች። ወይ ተበድረን ውዱን እንገዛለን፣ ወይ «በቃ ለጊዜው ይሁን» ብለን ርካሹን ይዘን እንገባለን።

ይህ የሆነው ኑሮ ስለተወደደ ነው የሚል ብዙ ሰው አለ። እውነት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። የማንም ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አልሮጠም። መሃል ላይ የነበረ ሰው ወደ ታች ሲንሸራተት የሚገዛውም ዕቃ አብሮት ይንሸራተታል።

ግን እሱ ብቻ አይደለም። ገንዘብ እያለውም መሃሉን የሚሸሽ ሰው አውቃለሁ፣ ራሴም እሸሻለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ርካሽ ስገዛ ምን እንደምገዛ አውቃለሁ፤ በሁለት ወሩ ይቀደዳል፣ ተስማምቼ ነው የገዛሁት። ውድ ስገዛ ስሙን እገዛለሁ፣ ቢበላሽ እንኳ ሄጄ የምጮህበት በር አለ። መሃል ላይ ያለው ግን ሎተሪ ነው። ደህና ዋጋ ከፍዬ ደህና ዕቃ ላገኝ እችላለሁ። ደህና ዋጋ ከፍዬ ቀለም የተቀባ ርካሽ ዕቃም ላገኝ እችላለሁ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። «ርካሽ ያስወጣል ጥሬ ካሽ» እንላለን፣ ግን ዘንድሮ ጥሬ ካሽ የሚያስወጣው መካከለኛው ሆኗል።

ጫማን ልውሰድ፣ ስለሱ ትንሽ ስለማውቅ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የቻይና ጫማ በገፍ ገባ። ያብረቀርቃል፣ ፋሽኑ አዲስ ነው፣ ዋጋውም መርካቶ ከሚሠራው ቆዳ ጫማ ያንሳል። ብዙ ጫማ ሰሪዎች በራቸውን ዘጉ፣ ሠራተኛ በተኑ። ይህን ሁሉም ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ብዙ አይወራም። የተረፉት ሰሪዎች የቻይናውን ፋሽን እያዩ መቅዳት ጀመሩ፣ ቅርጹን አሳመሩ፣ ሶሉን አጠነከሩ። ደንበኛውም ያ የሚያብረቀርቀው ጫማ ክረምት እንደማይሻገር በራሱ እግር አረጋገጠ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ የአገር ውስጡ የወንዶች ቆዳ ጫማ ወደ ገበያው ተመለሰ። ማለትም መካከለኛው ዕቃ አንዴ ተሸንፎ ተነሥቷል፣ ያውም ከቻይናው እየተወደደ። ሰው ልዩነቱን ስላወቀ ከፈለ።

አሁን ወደዚያው መርካቶ ግቡና ጥቁር ቆዳ ጫማ ጠይቁ። እኔ ለወንድሜ ሠርግ ፈልጌ ገብቼ ነበር። ሻጩ ገና ጫማውን ሳያቀብለኝ ላይተር አወጣ። «ኦሪጅናል ሌዘር ነው ወንድሜ፣ ላቃጥልልህ?» አለኝ። አቃጠለውም። ጫማው ምንም አልሆነም። እሺ፣ ፕላስቲክ አይደለም። ግን ይህ ፈተና የሚያሳየው ነገር በጣም ትንሽ ነው። የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን እንደ ገጽ ይሰነጠቃል። ፀጉሩ የነበረበት የላይኛው ገጽ ጠንካራው ነው፣ እሱ ነው ዓመታት የሚቆየው። ከስር የሚቀረው ስፕሊት የሚባለው ነው፤ ሻካራ ነው፣ ብቻውን ሲሆን አቅም የለውም። በላዩ ላይ ስስ ፕላስቲክ ይለብስና የቆዳ መልክ በማሽን ይታተምበታል። «ቆዳ ነው» የሚለው ሻጭ አልዋሸም። ቆዳ ነው። ግን የትኛው ቆዳ?

እኔ ላይተሩን ትቼ የጫማውን አፍ ነው የማየው፣ ቆዳው የተቆረጠበትን ጠርዝ። ከላይ እንደ ቀለም ያለ ስስ ሽፋን፣ ከስር ደግሞ ጭራ ጭራ የሚል ነገር ከታየ ስፕሊት ነው። በአውራ ጣቴ ጫን እለዋለሁ፣ ደህና ቆዳ ከሆነ ጣቴ ዙሪያ ደቃቅ መስመሮች ያወጣል፣ ሳነሳው ይመለሳል። ከዚያ ውስጡን። መርገጫውን ከተረከዙ በኩል በጥፍሬ ትንሽ ቀና አደርገዋለሁ። ያን ቀን ስስ ቆዳ መሳይ ነገር ተነሣና ከስሩ ካርቶን መጣ። ግራጫ ካርቶን፣ የሸሚዝ ፓኮ ውስጥ እንደሚገኘው ያለ። አንድ ክረምት ውሃ ከገባበት ያብጣል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ይበታተናል። ዋጋው ግን የካርቶን ዋጋ አልነበረም። ስንት እንደሆነ አልናገርም፣ ይህን እስክታነቡ ጨምሮ ሊሆን ይችላል።

እዚያው አካባቢ ከድሮ ጀምሮ የማውቃቸው አንድ ጫማ ሰሪ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ሄጄ ነገሩን አነሣሁባቸው፣ ለምን እንደ ድሮው አትሠሩም ብዬ። ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ መሥራት አቅቶኝ መስሎህ ነው?» አሉኝ። «ገበሩን ቆዳ፣ መርገጫውን ቆዳ አድርጌ፣ ሶሉን አሰፍቼ አውጥቼ ነበር። ከጎኔ ያለው ልጅ በካርቶን ሠራና እዚሁ አጠገቤ ደረደረ። ደንበኛው መጣ፣ ሁለቱንም አገላበጠ፣ የሱን ገዝቶ ሄደ። እኔንማ ሌባ ብሎኝ ነው የሄደው፣ አስወደድክ ብሎ። ምን ላድርግ? እኔም ካርቶን ገባሁ።»

እኔም ካርቶን ገባሁ! ነገሩ በሙሉ እዚህች ውስጥ አለ። ጥሩ የሠራው ሰው ጥሩ መሥራቱን ገበያው ላይ ቆሞ ማሳየት አይችልም። ልዩነቱ የሚታየው ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ ደንበኛው እግር ላይ። ነጋዴው ደግሞ ስድስት ወር የሚጠብቅበት አቅም የለውም፣ ኪራዩ በየወሩ ነው። ስለዚህ ዋጋውን መሃል ላይ ይተወዋል፣ ዕቃውን ግን ትንሽ በትንሽ ወደ ታች ያወርደዋል። መጀመሪያ ገበሩን፣ ቀጥሎ መርገጫውን፣ ቀጥሎ ክሩን። ደንበኛው ሁለቴ ሦስቴ ከተበላ በኋላ ይነቃል። ሲነቃ ደግሞ ጥሩ የሚሠራውን ለይቶ አያተርፍም፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ነው የሚሸሸው።

በዚህ ላይ የሚያናድደው ቆዳው መኖሩ ነው። ልጅ ሳለን የበዓል ዕለት ጠዋት ቆዳ ገዢዎች በየበሩ ይጮኹ ነበር፣ የበጉን ቆዳ ተከራክሮ መሸጥም ራሱን የቻለ የበዓል ሥራ ነበር። ዘንድሮ የፋሲካ ማግስት ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ተጥሎ ነው የምታዩት። የሚገዛው ጠፍቶ። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ጥሬና በከፊል ያለቀ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ 150 በመቶ ታክስ ጣለበት፣ ያለቀለት ቆዳና ጫማ ሠርተን እንሽጥ በሚል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን ቆዳ ለማልፋት ኬሚካል ያስፈልጋል፣ ኬሚካሉ ዶላር ይፈልጋል፣ ዶላር ያለው ወደ ውጭ የሚልክ ነው። ስለዚህ ጥሩው ቆዳ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ለመርካቶ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ሶሉ ከውጭ ነው። ማስቲሹ ከውጭ ነው። ዚፑም፣ ክሩም እንደዚያው። «የአገር ውስጥ ጫማ» የምንለው ዕቃ ከሰሪው እጅና ከቆዳው በስተቀር በዶላር የሚተመን ነው። በ2004 ዓ.ም. ዱከም ላይ ሁዋጂየን የሚባለው የቻይና ፋብሪካ ገብቶ ለውጭ ገበያ ጫማ መስፋት ጀመረ፣ ያ የላይኛው ጫፍ ነው። የታችኛው ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ጫማ አለ፣ እሱም ይሸጣል። መሃል ላይ ጋሼ ከነካርቶናቸው።

ወደ ሌላው ነገር ልለፍ። ደረሰኝ።

ከግንባታ ዕቃ እስከ ላፕቶፕ ማንኛውንም ደህና ነገር ስትገዙ የምትጠየቁት ጥያቄ አለ። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ልዩነቱ 15 በመቶ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ጉልት ላይ ያለችው እናት ይህ ጥያቄ አይመለከታትም። ትልቁ ድርጅትም አይጨነቅም፤ ደንበኛው መሥሪያ ቤት ነው፣ ያለ ደረሰኝ አይገዛም። የሚታረደው መሃል ላይ ያለው ነው። ደንበኛው እንደኔ ያለ ግለሰብ ነው፣ ደረሰኝ ምንም አያደርግለትም፣ 15 በመቶ ግን ብዙ ያደርግለታል። ስለዚህ ሕግ አክብሮ ማሽን ያስገባው ነጋዴ በአንድ ዕቃ ከጎረቤቱ 15 በመቶ ተወዶ ይቆማል። ከዚያ እሱም «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንተያያለን» ማለት ይጀምራል። ጋሼ ካርቶን እንደገቡት ማለት ነው። ካልሆነም ይዘጋል።

የግብር ሕጉ ራሱ ለረጅም ጊዜ መሃል ነበረው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ዓመታዊ ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ «ሀ»፣ ከ500,000 እስከ 1 ሚሊዮን ያለው ደረጃ «ለ»፣ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ «ሐ» ነበር። ደረጃ «ለ» ቀለል ያለ መዝገብ ነበር የሚይዘው። በ2017ቱ ማሻሻያ ሦስቱ ወደ ሁለት ወረዱ፣ ወሰኑም 2 ሚሊዮን ብር ሆነ። መሃሉ ከሕጉም ወጣ እንግዲህ! ለነገሩ ከብሩ መውደቅ አንጻር ወሰኑን ከፍ ማድረጉ ተገቢ ነበር፣ ያንን አልቃወምም። ችግሩ ወሰኗ ላይ ያለችው ዝላይ ናት። ከሷ በታች ስትሆን በሽያጭህ ልክ ተተምኖልህ ትከፍላለህ፣ ታርፋለህ። ከሷ በላይ ስትሆን የሒሳብ መዝገብ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ቫት፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን፣ ኦዲት። ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል? አያድግም። ወይም ያድግና በወረቀት አያድግም፤ አንዱ ሱቅ በሱ ስም፣ ሁለተኛው በባለቤቱ ስም፣ ሦስተኛው በወንድሙ ስም። ንግድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፣ ምስጢር አላወጣሁም።

ብድሩም መሃሉን ያልፈዋል። ትንሽ ከሆንክ ተደራጅተህ፣ ተዋስተህ ከማይክሮ ፋይናንስ ትወስዳለህ። ትልቅ ከሆንክ ባንኩ ራሱ ቢሮህ ይመጣል። መሃል ላይ ከሆንክ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤት አለህ?» ነው። ሠላሳ ሠራተኛ ይኑርህ፣ አሥር ማሽን ይኑርህ፣ ትዕዛዝ ይኑርህ፣ ባንኩ የሚያየው ካርታ ነው። በ2011 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም ማሽኑም ከብቱም የመጋዘን ዕቃውም ጭምር፣ ዋስትና ሆኖ እንዲያበድር የሚፈቅድ አዋጅ ቁጥር 1147 ወጥቷል። ጥሩ አዋጅ ነው። ግን የብድር ክፍል ሠራተኛው ጋ ቁጭ ብላችሁ «የስፌት ማሽኖቼን ላስይዝ» ብትሉት ፊቱን እዩት። ልማት ባንክም አነስተኛና መካከለኛ ለሚባሉት ማሽን በሊዝ ይሰጣል፣ 20 በመቶውን አንተ፣ 80 በመቶውን እሱ። ማሽኑን ያገኘ ሰው ጥሬ ዕቃ መግዣውን ደግሞ ከየት እንደሚያመጣ ሲጨነቅ አይቻለሁ።

ግን ሁሉም ነገር እንደዚህ አይደለም። መሃሉ ከምንም ተነሥቶ ሲሠራ ያየሁበት ቦታ አለ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ።

ድሮ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ለመሄድ ያለው ምርጫ ሁለት ነበር። አንደኛው አውሮፕላን ነው፣ እሱን ተዉት። ሁለተኛው አውቶቡስ ተራ ነው። ሌሊት ተነሥተህ፣ በሩ ሲከፈት ተጋፍተህ፣ ወንበር ይዘህ፣ ሻንጣህ ጣራ ላይ ሲወጣ ከጫኙ ጋር ተጣልተህ። ትሄዳለህ፣ መቼ እንደምትነሣ ግን ሹፌሩም አያውቅም። በዚህ መሃል ሰላም ባስ መጣ፣ ቆይቶም ስካይ ባስ። ምን አመጡ? ወንበሩ ደህና ነው፣ ውሃና የምትቀመስ ነገር ይሰጣሉ፣ እሺ። ዋናው ግን እሱ አልነበረም። ቀድመህ ቲኬት ትገዛለህ፣ ቲኬቱ ላይ የወንበር ቁጥር አለ። መስቀል አደባባይ ሌሊት ትደርሳለህ፣ ሻንጣህ ላይ ቁጥር ይለጠፋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ መኪናው ይነሣል። ሞላ አልሞላ ብሎ አይጠብቅም። ሰው ለዚህ ነበር ከተራው አውቶቡስ ብዙ ብልጫ የከፈለው። እናቴ አውሮፕላን ልቁረጥልሽ ስላት «ሰላም ባስ እያለ?» ትለኝ ነበር።

ይህ ለምን ከጫማው ተለየ? እኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው። አውቶቡሱ በሰዓቱ ካልተነሣ ዛሬውኑ ይታወቃል፣ ስድስት ወር አይፈጅም። ስሙ ደግሞ ጎኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል። የመርካቶው ጫማ ማን እንደሠራው የሚናገር ነገር የለበትም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ የጣልያን ስም ነው የሚታተምበት። ጋሼ የራሳቸውን ስም ሶሉ ላይ ቢያትሙ ማን ይገዛቸዋል? ያውም ጥሩ ሲሠሩ በነበረበት ጊዜ እንኳ ስማቸው በደንበኛው ጆሮ አልደረሰም፣ ባለ ሱቁ ነው ከመሃል ያለው። ስም ከሌለህ ደግሞ የምትጠብቀው ነገር የለህም።

አውቶቡሱም በተራው ተመታ፣ ያውም በማያውቀው። መንገዱ የጸጥታ ችግር ከገጠመው ወዲህ ገንዘብ ያለው ወደ አውሮፕላን፣ የሌለው ደግሞ ወይ ይቀራል ወይ በተገኘው ይሄዳል። እንደገና ሁለት ጫፍ።

ስልክ ላይ መሃሉ በደንብ ይዟል። ቴክኖና ኢንፊኒክስ የያዘ ሰው ብታዩ የሚያፍርበት ነገር የለውም፤ ቴክኖን የሚያመርተው ድርጅት ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እዚሁ አገር ይገጣጥማል። ስክሪኑ ቢሰበር በየሰፈሩ ይገኛል፣ የሚቀይረው ልጅም ዓይኑን ጨፍኖ ይቀይረዋል። ሁለት ሲም ይይዛል፣ ባትሪው ይቆያል። ማንም ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ከአሜሪካ በሰው የመጣ ያገለገለ አይፎን ከፍ ያለ ነው፣ ግን ባትሪው ስንት እንደቀረው፣ ተከፍቶ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል? ዋጋው ውድ ሆኖ ሎተሪነቱ ከቴክኖው የባሰ።

መኪና ደግሞ በተቃራኒው ነው። ለዓመታት የመካከለኛ ሰው መኪና ያገለገለች ቪትዝ ወይም ኮሮላ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አሮጌ መኪናን ክፉኛ አስወደደ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ውጤቱን ታውቃላችሁ። ከአሥር ዓመት በፊት የተገዛች ቪትዝ ከተገዛችበት በላይ ትሸጣለች፤ መኪና መሆኗ ቀርቶ የባንክ ደብተር ሆናለች። አሁን መሃሉን ሊይዙ የመጡት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ጎረቤቴ ገዝቷል፣ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ያለነውን በመስኮት እያየ ያልፋል። ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ባትሪው ምን ይሆናል፣ ዕቃው የት ይገኛል፣ ሲሸጠው ማን ይገዛዋል? መካኒኩ ሁሉ ቪትዝን በጨለማ ይፈታታል፣ ይህንን ግን ኮፈኑን ከፍቶ አይቶ ይዘጋዋል። እሱም ገና ሎተሪ ነው፣ ባይሆን አጓጊ ሎተሪ።

ስለ ቤት ብዙ አልናገርም፣ ደም ግፊቴ ይነሣል። 40/60 የሚባለው የመንግሥት የቤት ፕሮግራም ሲመጣ በስሙም በአሠራሩም ለመሃለኛው ሰው ነበር። አርባውን ቆጥብ፣ ስድሳውን ባንክ ያበድርሃል። በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበ ዘመድ የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጥቂቱ ደርሶታል፣ የቀረው ላም አለኝ በሰማይ ነው። አልሚዎቹ የሚሠሩት ደግሞ ያንን ቅንጡውን ነው። ባለ ሁለት መኝታ፣ አሳንሰሩ አንድም ቢሆን የሚሠራ፣ ውሃ የሚወጣ፣ በቃ! ጂም አልጠየቅንም።

ካፌና ምግብ ቤቱም እንደዚያው እየተከፈለ ነው። ማኪያቶ ይጠጣበት የነበረው የሰፈር ካፌ ደንበኛ ግማሹ መንገድ ዳር ወዳለችው ጀበና ቡና ወርዷል፣ እዚያ ቡናው ጥሩ ነው፣ ዋጋው ይታወቃል፣ የምታፈላውም ልጅ ዓይንህ ፊት ነው የምታፈላው። ግማሹ መብራቱ ደብዛዛ፣ ሳህኑ ትልቅ፣ ምግቡ ትንሽ ወደሆነበት ወጥቷል። መሃል ላይ የቀረው ካፌ በወተቱ ላይ ውሃ ጨምሮ ዋጋውን ለመያዝ እየሞከረ ነው። ያንን ደግሞ በመጀመሪያው ፉት ነው የምታውቀው።

ይህ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ የመካከለኛው ቤተሰብ መደብር የነበረው ሲርስ በ2018፣ ጄሲ ፔኒ ደግሞ በ2020 በፈረንጆቹ ኪሳራ አውጀዋል፤ ከነሱ በታች ያለው ርካሹ ሱቅ ግን እየሰፋ ሄደ። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ሻንጣ የሚሞሉበት መደብር ከዓመት ዓመት ሲቀያየር ታዝባችሁ ይሆናል። ልዩነቱ እዚያ ዕቃ ቢበላሽ ትመልሳለህ። እዚህ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ተለጥፏል። እኔ መሃሉን ይበልጥ የገደለው ይህ ወረቀት ይመስለኛል። መመለስ ቢቻል ኖሮ ጋሼ ካርቶን አይገቡም ነበር፤ የካርቶኑ ጫማ በየሳምንቱ ለዚያ ልጅ እየተመለሰ ያስቸግረው ነበር። ርካሹ ዕቃ መመለስ አያስፈልገውም፣ ማንም አይደክምለትም። ውዱን ደግሞ ሻጩ ስለ ስሙ ሲል ይቀይርልሃል። መመለስ የግድ የሚያስፈልገው መካከለኛውን ነው፣ እሱን ደግሞ የሚመልስልህ የለም።

ሸማቹን የሚጠብቅ አዋጅ እንዳለን አውቃለሁ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየር ወይም ገንዘብ እንዲመለስ የሚል ድንጋጌም አለው። ግን ለአንድ ጫማ ማን ሲመላለስ ይውላል? የታክሲው ብቻ ከጫማው ይበልጣል።

ሰፈሬ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፣ በእኔ ዕድሜ ነው። ጨርቅ ሲያሳይህ ሦስት ይዘረጋና «ይኼኛው ይለቃል፣ ይኼኛው ይሸበሸባል፣ ይኼኛው ደህና ነው ግን ይወደዳል» ይልሃል። የሚለቀውን ከመረጥክ ይሰፋልሃል፣ ግን ነግሮሃል። ሱሪ ከወገቡ ቢጠብ ወይ ከጫፉ ቢያጥር ያለ ክፍያ ያስተካክላል፣ ለዚያም ብሎ ጫፉ ላይ ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ይተዋል። ዋጋው ከሰልባጁ በጣም ይበልጣል፣ ከቡቲኩ ያንሳል። ልክ እኔ የምፈልገው ቦታ ላይ ነው። ደንበኛ ሞልቶታል፣ ማስታወቂያ የለውም፣ በሩ ላይ ስም እንኳ አልጻፈም፣ ግን ሰፈሩ በሙሉ ስሙን ያውቃል።

ለምን አታስፋፋውም አልኩት አንድ ቀን፣ ሁለት ልጅ ቅጠር፣ ጎን ያለችውንም ክፍል ተከራይ። «ቀጥሬ ነበር» አለኝ ልኬቱን ደብተር ላይ እየጻፈ። «አንዱ ሙያውን ሲይዝ ሄደ። ሌላው ትርፍ ጨርቁን እየቆረጠ ይጥለዋል፣ ሱሪው ሲመለስ የማስተካክልበት አጣሁ። ክፍሏን ከተከራየሁ ደግሞ ለኪራዩ ስል ብዙ ትዕዛዝ መቀበል አለብኝ፣ ብዙ ከተቀበልኩ እኔም እንደሱ መቁረጥ እጀምራለሁ።» ክርክሩ አላለቀም፣ እኔ አሁንም ሁለት ሰው የሚያሠራበት መንገድ መኖር አለበት ባይ ነኝ። እሱ ግን ብቻውን ነው። አሁን ብታዙት ከሁለት ወር በኋላ ነው የሚያደርስላችሁ፣ ቀብድ ግማሹን ይቀበላል፣ ዋጋ አይቀንስም።